በኮሌጅ ሜዳ ደምቀው በኤን.ቢ.ኤ. የደበዘዙ ኮከቦች

በአሜሪካ በየዓመቱ የመጋቢት ወር ሲገባ የብዙው ሰው ወሬ አንድ ይሆናል። 68 የዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድኖች ለአንድ ዋንጫ ይፋለማሉ። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ አንዴ የተሸነፈ ቡድን ሻንጣውን ይዞ ወደ መጣበት ይመለሳል። በሦስት ሳምንት ጊዜ ውስጥ፣ ትናንት ከሰፈሩ ሰው በስተቀር ማንም የማያውቀው የ20 ዓመት ወጣት ስሙ በአገር ይናኛል። ጋዜጦች ፎቶግራፉን በፊት ገጻቸው ያወጣሉ፤ ሕፃናት የእሱን ቁጥር የያዘ ማሊያ ይለብሳሉ፤ አዋቂ ነን ባዮች «ይህ ልጅ ነገ የዓለም ቁጥር አንድ ይሆናል» ብለው ይተነብያሉ።

ታዲያ ያ ነገ ሲመጣ ምን ይሆናል? አንዳንዶቹ በእርግጥ የተባለላቸውን ይሆናሉ። ብዙዎቹ ግን አይሆኑም። ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ስለ እነዚህ ስለ ሁለተኞቹ ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ይመስላል። ሆኖም የልጁን ተሰጥዖ እያየ ስለ ነገ የሚያልም ወላጅ ሁሉ ከታሪካቸው የሚቀስመው ቁም ነገር አለ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ጠባቡ በር

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ በመጀመሪያ ቁጥሩን እንመልከት። በአሜሪካ በከፍተኛው የኮሌጅ ምድብ የሚጫወቱት የወንዶች ቡድኖች ከ350 ይበልጣሉ። እያንዳንዱ ቡድን 12 ተጫዋች ብቻ አለው ብንል እንኳ ከ4,000 በላይ ወጣቶች ማለት ነው። ኤን.ቢ.ኤ. የተባለው የባለሙያዎች ሊግ ያሉት ቡድኖች ደግሞ 30 ናቸው። ለእያንዳንዱ 15 መደበኛ ቦታ ስናስብለት በጠቅላላው 450 ቦታ ይሆናል። እሱም ቢሆን በአብዛኛው በነባሮች የተያዘ ነው። ድራፍት በሚባለው ዓመታዊ ምርጫ በሁለት ዙር ስማቸው የሚጠራው አዲስ ተጫዋቾች ወደ 60 የሚጠጉ ናቸው፤ ከእነዚህም ውስጥ ከአውሮፓና ከሌሎች ክፍለ ዓለማት የሚመጡ አሉበት። መጠራት አንድ ነገር ነው፤ መቆየት ግን ሌላ።

ሁለተኛው ጉዳይ ጨዋታው ራሱ መለየቱ ነው። የኮሌጅ ጨዋታ 40 ደቂቃ ሲሆን የኤን.ቢ.ኤ. 48 ደቂቃ ነው። የኮሌጅ ቡድን በዓመት ከ30 እስከ 40 ጊዜ ይጫወታል፤ የኤን.ቢ.ኤ. ቡድን ግን ከፍጻሜው ዙር በፊት ብቻ 82 ጊዜ ይሰለፋል። በኮሌጅ አንድ ቡድን ኳሱን ለመወርወር እስከ 2015 ድረስ 35 ሰከንድ ይሰጠው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ 30 ሆኗል። በኤን.ቢ.ኤ. የሚፈቀደው 24 ብቻ ነው። ሦስት ነጥብ የሚያስገኘው መስመር በኮሌጅ እስከ 2008 ድረስ ከቅርጫቱ የሚርቀው 6 ሜትር ያህል ሲሆን በኤን.ቢ.ኤ. ከፊት ለፊት 7 ሜትር ከ24 ሳንቲ ሜትር ነው።

ከሁሉም በላይ የሚለየው ግን ተጋጣሚው ነው። በኮሌጅ ጎበዙ ተጫዋች ብዙውን ጊዜ የሚገጥመው ነገ መሐንዲስ ወይም ነጋዴ ከሚሆን እኩያው ጋር ነው። በኤን.ቢ.ኤ. ግን በሜዳው ላይ ያሉት ዐሥሩም በየመጡበት ኮሌጅ ወይም አገር የታወቁ ነበሩ። የ22 ዓመቱ ልጅ የ30 ዓመት ጎልማሳ ይገጥመዋል።

ከዳሬሰላም እስከ ሜምፊስ

ለእኛ ለምሥራቅ አፍሪካውያን ቅርብ ከሆነው ታሪክ እንጀምር። ሐሺም ታቢት በ1987 የተወለደው በታንዛንያ በዳሬሰላም ነው። ቅርጫት ኳስን የጀመረው በ15 ዓመቱ አካባቢ ነበር። ቁመቱ 2 ሜትር ከ21 ሳንቲ ሜትር ደረሰ። ወደ አሜሪካ ተሻግሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በሂዩስተን ከጨረሰ በኋላ በ2006 ኮኔክቲከት ዩኒቨርሲቲ ገባ። በሦስተኛ ዓመቱ በአማካይ በአንድ ጨዋታ 13.6 ነጥብ እያስቆጠረ ከአራት ያላነሱ ውርወራዎችን በእጁ ያከሽፍ ነበር። በዚያው ዓመት ቡድኑ ከመጨረሻዎቹ አራት አንዱ ሆነ።

በሰኔ 2009 በተካሄደው ድራፍት ሜምፊስ ግሪዝሊስ በሁለተኛ ደረጃ መረጠው። በኤን.ቢ.ኤ. የመጀመሪያው ታንዛንያዊም ሆነ። ከእሱ ቀጥሎ በሦስተኛነት የተጠራው ጄምስ ሃርደን፣ በሰባተኛነት የተጠራው ደግሞ ስቴፈን ከሪ ነበሩ። ሁለቱም ኋላ ላይ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ለመባል በቁ። ታቢት ግን ገና ዓመት ሳይሞላው፣ በየካቲት 2010፣ ልምምድ እንዲያገኝ ወደ ታችኛው ሊግ ተላከ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በድራፍት ያን ያህል ከፍ ብሎ የተመረጠ ተጫዋች ወደ ታችኛው ሊግ ተልኮ አያውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ሂዩስተን፣ ወደ ፖርትላንድ፣ ወደ ኦክላሆማ ሲቲ ተዘዋወረ። በ2014 የኤን.ቢ.ኤ. ቆይታው ሲያበቃ 224 ጨዋታዎች ተጫውቶ አማካይ ነጥቡ 2.2 ነበር።

ልጁ ሰነፈ እንዴ? ነገሩን በስንፍና ብቻ መተርጎም ቀላል ነው፤ ግን አያስኬድም። በኮሌጅ ሕግ አንድ ረጅም ተከላካይ ከቅርጫቱ ሥር እንደ ግንብ ቆሞ የመጣውን ሁሉ መመለስ ይችላል። በኤን.ቢ.ኤ. ግን ተከላካይ በቅርብ የሚጠብቀው ሰው ሳይኖር በዚያ ክልል ውስጥ ከሦስት ሰከንድ በላይ መቆየት አይፈቀድለትም። ስለዚህ ረጅሙም ሰው እየወጣና እየገባ መሮጥ፣ ፈጣኑንና አጭሩን ሰው በሜዳው መሐል ማሳደድ ግድ ይለዋል። ሌሎቹ ከልጅነታቸው ጀምረው የተለማመዱትን ጨዋታ እሱ ያወቀው ደግሞ በ15 ዓመቱ ነው። ቁመቱ በሩን ከፈተለት፤ ከበሩ ወዲያ የሚያስፈልገውን ለመማር ግን የተሰጠው ጊዜ አጭር ነበር። ያም ሆኖ ኳሱን አልጣለም፤ በጃፓንና በታይዋን ሊጎች ተጫውቷል።

በወንበሩ ላይ መርፌ የሚወጋው ወጣት

አዳም ሞሪሰን ገና ልጅ ሳለ በ13 ወይም በ14 ዓመቱ የስኳር ሕመም እንዳለበት ተነገረው። ኳስ ግን አላቆመም። በጎንዛጋ ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት የደሙን ስኳር እየለካ፣ ሲያስፈልግም በተጠባባቂዎች ወንበር ላይ ተቀምጦ ኢንሱሊን እየተወጋ ወደ ሜዳ ይመለስ ነበር። በ2006 በአማካይ 28.1 ነጥብ በማስቆጠር ከአገሪቱ የኮሌጅ ተጫዋቾች ሁሉ ቀዳሚ ሆነ። በዚያው ዓመት መጋቢት ቡድኑ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ.ን በ17 ነጥብ ሲመራ ቆይቶ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች 73 ለ71 ተሸነፈ። ሞሪሰን በሜዳው ላይ ተደፍቶ ሲያለቅስ አገር ሁሉ በቴሌቪዥን አየው።

ከሦስት ወር በኋላ የሻርሎት ቡድን በሦስተኛ ደረጃ መረጠው። በመጀመሪያው ዓመት 11.8 ነጥብ በአማካይ አስቆጠረ፤ ከወረወራቸው ኳሶች ቅርጫት የገቡት ግን ከ100 ውስጥ 38 እንኳ አይሞሉም። «ሁለተኛው ዓመት የተሻለ ይሆናል» ሲባል፣ በጥቅምት 2007 ውድድሩ ገና ሳይጀመር የግራ ጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ያንን ዓመት ሙሉ ከሜዳ ራቀ። ሲመለስ ቦታው በሌላ ሰው ተይዞ ነበር። በ2009 ወደ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ተዛወረ፤ በ2009 እና በ2010 ቡድኑ ዋንጫ ሲወስድ የሻምፒዮናነቱን ሁለት ቀለበቶች አገኘ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ድሉን ያየው ከወንበር ላይ ሆኖ ነው። በኋላ በሰርቢያና በቱርክ ጥቂት ተጫውቶ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ የቀድሞ ዩኒቨርሲቲውን ጨዋታዎችም በራዲዮ የሚያብራራ ሰው ሆነ።

እንግዲህ ይህን ወጣት «ከሸፈ» ብሎ ለማለፍ ማን ይደፍራል? የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ ያላት እናት የእሱን ታሪክ ብትሰማ የምታየው ውድቀቱን ሳይሆን በዚያ ወንበር ላይ የተወጋውን መርፌ ነው።

ዋንጫ ያነሣው መኪና ሻጭ

ሦስተኛው ባለታሪክ ኤድ ኦባነን ነው። በሚያዝያ 1995 ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. አርካንሶን 89 ለ78 አሸንፎ ከ20 ዓመት በኋላ ዋንጫውን ሲያነሣ፣ ኦባነን 30 ነጥብ አስቆጥሮ 17 የተመለሱ ኳሶችን ይዞ ነበር። የውድድሩ ኮከብም እሱ ተባለ። በዚያው ዓመት ኒው ጀርሲ ኔትስ በዘጠነኛ ደረጃ መረጠው። ነገር ግን በኮሌጅ መወዳደር ከመጀመሩ በፊት ያጋጠመው የጉልበት ጉዳት ነበረበት። 2 ሜትር ከ3 ሳንቲ ሜትር የሆነው ቁመቱም በኤን.ቢ.ኤ. ከረጃጅሞቹ ጋር ለመታገል አነሰ፤ ከፈጣኖቹ ጋር ለመሮጥ ደግሞ ከበደው። ከሁለት የውድድር ዘመን በኋላ ሊጉን ተሰናበተ። በውጭ አገር ሊጎች ለዓመታት ተጫውቶ ካበቃ በኋላ ላስ ቬጋስ አካባቢ በመኪና ሽያጭ ሥራ ተሰማራ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ከመቶዎቹ አንዱ ብቻ በሆነ ነበር። ይሁን እንጂ አንድ ቀን በወዳጁ ቤት የቪዲዮ ጨዋታ ሲታይ፣ በመስኮቱ ውስጥ የሚሮጠው ተጫዋች ራሱ ሆኖ አገኘው። 31 ቁጥሩ፣ የተላጨው ራሱ፣ ግራኝነቱ ሳይቀር የእሱ ነበር። ጨዋታው በገንዘብ ይሸጣል፤ ለኦባነን ግን ማንም አልነገረውም፤ አንድ ሳንቲምም አልደረሰውም። በ2009 የኮሌጆቹን የስፖርት ማኅበር በፍርድ ቤት ከሰሰ። በ2014 ዳኛዋ የማኅበሩ ክልከላ የንግድ ውድድርን ሕግ ይጥሳል ብላ ፈረደች። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2015 የውሳኔውን ከፊል ቢሽረውም ዋናውን ነጥብ አጸናው። በሩ ግን አንዴ ተከፍቷል። በ2021 ተማሪ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ፤ ከሐምሌ 2025 ጀምሮም ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ለተጫዋቾቻቸው እንዲከፍሉ የሚያስችል ስምምነት ሥራ ላይ ዋለ።

ልብ በሉ! በኤን.ቢ.ኤ. ሁለት የውድድር ዘመን ብቻ የቆየው ሰው፣ በዚያ ሊግ ብዙ ከነገሡት ይልቅ የሺዎችን ወጣቶች ኑሮ ቀየረ። ይህን ያደረገው በኳስ ሳይሆን «ይህ ፍትሕ አይደለም» ብሎ በመቆም ነው።

ወደቁ ወይስ አልወደቁም?

አንድ ተጨማሪ ምሳሌ እናንሣ። ጂመር ፍሬዴት በ2011 በብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ በአማካይ 28.9 ነጥብ አስቆጥሮ የአገሪቱ ቀዳሚ ነበር። በድራፍት ዐሥረኛ ሆኖ ተመረጠ፤ በኤን.ቢ.ኤ. ግን ቋሚ ቦታ አላገኘም። ወደ ቻይና ሄዶ በሻንጋይ ሲጫወት በ2017 በአንድ ጨዋታ 73 ነጥብ አስቆጠረ። በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ሦስት በሦስት በሚባለው የቅርጫት ኳስ ዓይነት አገሩን ወክሎ ተሰለፈ። ያው ሰው፣ ያው እጅ፤ የተለወጠው ሜዳው ብቻ ነው።

ከእነዚህ ታሪኮች የምንረዳው እነዚህ ወጣቶች ተሰጥዖ የጎደላቸው አለመሆኑን ነው። የጎደለው የተመልካቹ ሚዛን ነበር። ሰው የ20 ዓመት ልጅ በሦስት ሳምንት ያሳየውን አይቶ የ15 ዓመት ተስፋ ጫነበት። ያ ተስፋ ሳይሞላ ሲቀር ጥፋቱን የልጁ አደረገው። በእውነቱ ግን 224 ጊዜ በዓለም ምርጥ ሊግ የተሰለፈ ሰው፣ በሚሊዮን ከሚቆጠሩት ኳስ ወርዋሪዎች መካከል ጥቂቶች ብቻ የደረሱበት ቦታ ደርሷል።

ለወላጆች አንድ ቃል

በመምህርነት ሥራ ላይ ያለ ሰው ይህን ነገር በየክፍሉ ያየዋል። በእኛም አገር በሩጫ ወይም በእግር ኳስ ጎላ ብሎ የታየ ልጅ ቶሎ የሰፈሩ ተስፋ ይሆናል። ደብተሩ ይቀልበታል፤ ጫማው ግን ይከብድበታል። ምክንያቱም በጫማው ውስጥ የአባቱ ዕዳ፣ የእናቱ ቤት ኪራይና የታናናሾቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ተጨምሮበታል።

ልጁን አትከልክሉት። ስፖርት ጤናም ሥነ ሥርዓትም ነው፤ ለጥቂቶችም እንጀራ ይሆናል። ነገር ግን አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል። መጫወት የሚችለው ሌላም ዓይን ሲኖረው ነው። ሁለተኛው ዓይን ትምህርት ነው፤ የእጅ ሙያ ነው፤ በሐቅ መነገድን ማወቅ ነው። ሪዝቅ በአንድ በር ብቻ የሚመጣ አይደለምና፣ ልጁ አንዱ በር ሲዘጋ የሚያንኳኳው ሌላ በር እንዲኖረው አድርጉ። ውል ሲመጣ ደግሞ ከመፈረሙ በፊት አንብቡለት፤ አንብባችሁ ካልገባችሁ የሚገባውን ሰው ጠይቁ። ኦባነን ከዓመታት በኋላ በፍርድ ቤት የተማረውን እናንተ በቤታችሁ አስተምሩት።

ወጣቶች ሆይ! ጭብጨባ ደስ ይላል፤ ግን ማን እንደሆናችሁ አይነግራችሁም። የሚያጨበጭበው ሕዝብ በሚቀጥለው መጋቢት ሌላ ስም ይጠራል። ያን ጊዜ ከእናንተ ጋር የሚቀረው የተማራችሁት፣ ያከበራችሁት ሰውና በእጃችሁ ያለው ሙያ ነው። ሞሪሰን ማይክሮፎኑን፣ ኦባነን የመኪና ሽያጩን ይዘው ኑሮአቸውን ቀጥለዋል። ልጆቻችሁ ከሜዳው ሲወጡ ምን ይዘው እንደሚወጡ ዛሬውኑ ከእነሱ ጋር ተነጋገሩ።