ኮንጎ፦ የቆጠሩት ጳጳሳት፣ ያልተናገሩት ስም

የኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆሴፍ ካቢላ ሁለተኛው የሥልጣን ዘመናቸው በዲሴምበር 2016 (እ.ኤ.አ.) ቢያበቃም ሥልጣን አልለቀቁም። መንግሥትንና ተቃዋሚዎችን ለማደራደር መሐል የገቡት የካቶሊክ ጳጳሳት ነበሩ፤ በዓመቱ የመጨረሻ ቀን በተፈረመው ስምምነትም ምርጫው በ2017 እንዲካሄድ ተወሰነ። 2017 አለቀ፤ ምርጫ የለም።

ያን ጊዜ ሰልፍ የጠሩት ጳጳሳቱ ሳይሆኑ ምእመናን ናቸው። ዲሴምበር 31 ቀን 2017 ከቅዳሴ በኋላ መቁጠሪያና መስቀል ይዘው ወጡ። የጸጥታ ኃይሎች አስለቃሽ ጋዝ እስከ አብያተ ክርስቲያናቱ ውስጥ ተኮሱ፤ ሰው ሞተ። በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ዳግም ወጡ፤ ዳግም ተገደሉ።

ምእመናኑ ከፊት፣ ጳጳሳቱ ከኋላ መሆናቸው በአጋጣሚ አልነበረም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ቤተ ክርስቲያን ከየትኛውም የፖለቲካ ሥርዓት ጋር እንደማትታሰር፣ ዓለማዊው ሥራም በዋነኛነት የምእመናን እንደሆነ አስተምሯል። የ1983ቱ የቀኖና ሕግ ካህናት የመንግሥት ሥልጣን እንዳይይዙ ይከለክላል። የካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስ ደግሞ ግብር መክፈልንና መምረጥን ከግብረ ገብ ግዴታ ይቆጥራል። ምረጥ ብለው ያስተማሩት ሰው ድምፁ ሲጠፋ ዝም ማለት ግን ትምህርቱን ማፍረስ ነው፤ እኔ እንዲህ አምናለሁ።

ጳጳሳቱም ዝም አላሉም። ዲሴምበር 30 ቀን 2018 ምርጫው ሲደረግ ወደ 40,000 የሚጠጉ ታዛቢዎችን በመላ አገሪቱ አሰማሩ። መንገድ በሌለበት፣ ስልክ በሚቋረጥበት አገር ይህን ያህል ሰው የማሰማራት አቅም ያለው ተቋም ከቤተ ክርስቲያኒቱ ሌላ ብዙም አልነበረም፤ ቁምስና ያልደረሰበት ቦታ ጥቂት ነውና። ጃንዋሪ 10 ቀን 2019 የምርጫ ኮሚሽኑ ተቃዋሚው ዕጩ ፌሊክስ ቺሴኬዲ አሸነፉ ሲል፣ ጳጳሳቱ ውጤቱ ታዛቢዎቻቸው ከሰበሰቡት መረጃ ጋር እንደማይጣጣም በዚያው ቀን አሳወቁ። የአሸናፊውን ስም ግን አልጠሩም፤ ውጤት የማወጅ ሥልጣን በሕግ የኮሚሽኑ ነበርና። ሌላው ተቃዋሚ ዕጩ ማርቲን ፋዩሉ ለሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ያቀረቡት አቤቱታ ውድቅ ሆነ።

ሕጉን ማክበራቸውን አከብራለሁ። የሰበሰቡትን ቁጥር በየምርጫ ጣቢያው ዘርዝረው ማውጣት ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ለማንም ወገን መቆም አይሆንም ነበር፤ መራጩ የገዛ ድምፁን እንዲያይ ማድረግ ነበር እንጂ። በጥይት ፊት የተሰለፉት ምእመናን ይህ ይገባቸው ነበር። ጳጳሳቱ ግን ዝርዝሩን ኮሚሽኑ እንዲያወጣ ጠየቁ፤ ለተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤትም ይህንኑ አቀረቡ። ኮሚሽኑ አላወጣውም።