ክረምትና ውርጭ ሲለያዩ፦ ብርድ ቻይ ውኃ አዘል ዕፅዋትን በኢትዮጵያ ደጋ ማልማት

በተለምዶ ሱኩለንት የሚባሉት ውኃ አዘል ዕፅዋት በቅጠላቸው፣ በግንዳቸው ወይም በሥራቸው ውኃ አጠራቅመው ድርቅን የሚሻገሩ ናቸው። በኢትዮጵያ ከሚታወቁት መካከል እሬት፣ ቁልቋል፣ በለስና እንዳሁላ ይጠቀሳሉ። ስማቸው ሲነሣ ወደ አእምሮ የሚመጣው ቆላና በረሃ ቢሆንም፣ ከእነዚህ ዕፅዋት ውስጥ ጥቂት የማይባሉት የሚኖሩት ሌሊት ውርጭ በሚወርድባቸው ከፍተኛ ተራሮች ላይ ነው።

እነዚህን ብርድ ቻይ ዝርያዎች ማልማት የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ በአውሮፓ ወይም በሰሜን አሜሪካ የተጻፈ ነው። መመሪያው ተክሉን በክረምት ውኃ እንዳይጠጣና ከክረምት ዝናብ እንዲከለል ያዛል። በዚያ አገር ክረምት የተባለው ቀዝቃዛው ወቅት ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ግን ክረምት ዝናቡ የሚወርድበት ጊዜ እንጂ ውርጩ የሚመጣበት ጊዜ አይደለም። ውርጩ የሚበረታው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ደረቅና ጥርት ያሉ ሌሊቶች ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው የአገሬው ብሂልም ብርዱ መቼ እንደሚገባ ያመለክታል። ስለዚህ ከውጭ የመጣው ምክር በቃሉ ሳይሆን በምክንያቱ መተርጎም አለበት። ምክንያቱም አንድ ነው፤ ብርድ ቻይ ውኃ አዘል ተክልን አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ብርዱ ብቻውን ሳይሆን ብርድና እርጥበት ሲገናኙ ነው።

ውርጭ ተክልን የሚጎዳበት መንገድ

የተክል ሙቀት ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲወርድ በረዶ መጀመሪያ የሚሠራው በሕዋሳት መካከል ባለው ክፍተት ነው። ይህ በረዶ ከሕዋሱ ውስጥ ውኃ ስቦ ያወጣል፤ ሕዋሱም ይኮማተራል። ተክሉ ለዚህ ከተዘጋጀ ድርቀቱን ችሎ፣ በረዶው ሲቀልጥ ውኃውን መልሶ ይወስዳል። ካልተዘጋጀ ግን የሕዋሱ ሽፋን ይቀደዳል፤ ቅጠሉም በማግስቱ የተቀቀለ መስሎ ይለሰልሳል። ስለዚህ ብርድ መቻል በአመዛኙ ድርቀት መቻል ነው ማለት ይቻላል።

ዝግጅቱ ጊዜ ይፈልጋል። ሌሊቱ ቀስ በቀስ ሲቀዘቅዝ ተክሉ የውኃ መጠኑን ይቀንሳል፤ በሕዋሱ ውስጥ የሚገኙት ስኳርና መሰል ሟሚዎችም ይበረክታሉ። በሰሜን አሜሪካ እስከ ካናዳ ድረስ የሚበቅለው የበለስ ዘመድ ኦፑንሺያ ፍራጂሊስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ ተክል ብርዱ ከመግባቱ አስቀድሞ ይጨማደዳል፣ ይቀጥናል፣ ወደ መሬትም ይተኛል። ከተዘጋጀ በኋላ ከዜሮ በታች ከ20 ዲግሪ አልፎ የሚወርድ ብርድን ይቋቋማል። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፓርክ ኖቤልና የሥራ ባልደረቦቻቸው በቁልቋል አስተኔ ላይ ያካሄዱት ጥናት እንዳሳየው፣ በእነዚህ ዕፅዋት ውስጥ ያለው ልጋግ ከሕዋሱ ውጭ ያለውን ውኃ አቅፎ በመያዝ በዚህ ሂደት ውስጥ ድርሻ አለው።

ከዚህ ለአልሚው የሚጠቅም መደምደሚያ ይገኛል። በውርጭ መግቢያ ላይ ቅጠሉ የተጨማደደ ተክል የታመመ ወይም የተጠማ ላይሆን ይችላል። አዝኖለት ውኃ የሚያጠጣው ሰው ሳያውቅ ዝግጅቱን ያፈርስበታል።

የሙቀት ወሰን ብቻውን ለምን አይበቃም

በገበያ ላይ ዝርያዎች ብዙውን ጊዜ የሚገለጹት በሚችሉት ዝቅተኛ ሙቀት ነው። በስፋት የሚሠራበት የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የብርድ ቀጠና ካርታም አገሩን በ13 ቀጠናዎች የሚከፍለው በየዓመቱ የሚመዘገበውን ዝቅተኛ ሙቀት አማካይ ይዞ ነው። ካርታው ዝናብ በየትኛው ወቅት እንደሚወርድ፣ በአንድ ቀን ውስጥ ሙቀቱ ምን ያህል እንደሚዋዥቅም አይናገርም። ለኢትዮጵያ ደጋ ግን ወሳኞቹ እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ኦሎቭ ሄድበርግ በምሥራቅ አፍሪካ ከፍተኛ ተራሮች ላይ ባደረጉት ምርምር ትኩረት የሰጡት፣ በቀንና በሌሊት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት በወራት መካከል ካለው እንደሚበልጥ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ተክሉ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ረፋድ ላይ ደግሞ በጠንካራ ፀሐይ ይሞቃል። በአልፕስ ተራሮች የሚኖረው ሴምፐርቪቩም ወራት የሚፈጅ ብርድን በበረዶ ክምር ሥር ተሸፍኖ ያሳልፋል። በደብረ ብርሃን ግቢ የተተከለው ግን ያ ሽፋን የለውም፤ እየቀዘቀዘና እየቀለጠ በየዕለቱ ይፈተናል። በወረቀት ላይ እጅግ ብርድ ቻይ የሆነ ዝርያ በደጋው ሊከስም የሚችለው ስለዚህ ነው።

የደጋው ሌሊት

የበጋ ውርጭ በአብዛኛው የሚፈጠረው ምድር ሙቀቷን በጨረር ወደ ጠራው ሰማይ ስትለቅ ነው። ነፋስ በሌለበት ሌሊት የመሬቱ ገጽ ከበላዩ ካለው አየር አስቀድሞ ይቀዘቅዛል። የአየር ጠባይ ጣቢያዎች ሙቀትን የሚለኩት ከመሬት ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ብለው ስለሆነ፣ ጣቢያው ሦስት ዲግሪ ባስመዘገበበት ሌሊት መሬት ላይ የተነጠፈ ተክል ውርጭ ሊመታው ይችላል። በዚህ ርዕስ ላይ የሚሠራ ተመራማሪ የሙቀት መለኪያውን በተክሉ ቁመት ልክ ማስቀመጥ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀዝቃዛ አየር ከባድ በመሆኑ እንደ ውኃ ወደ ታች ይፈስሳል፤ በሸለቆ ወለልና በድፍን አጥር ሥርም ይተኛል። ገደል ግን ይህን ሁሉ ይቀይራል። በአንኮበር አካባቢ፣ 3000 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ባላቸው ገደላማ ቋጥኞች ላይ የሚኖረውና በሳይንሳዊ ስሙ አሎ አንኮበረንሲስ የተባለው እሬት ይህን የሚያስተውሉበት ተክል ነው። ዝርያውን እ.ኤ.አ. በ1997 ለሳይንስ ያስተዋወቁት ማይክል ጊልበርትና ሰብስቤ ደምሰው ናቸው። ቀጥ ያለ ቋጥኝ ለጥርት ሰማይ የሚጋለጠው በከፊል ብቻ ነው፤ ቀዝቃዛው አየር በፊቱ ወርዶ ያልፋል፤ የክረምቱ ዝናብም በሥሩ አይቆምም። አልሚው በግቢው መፍጠር ያለበት ከተቻለው የዚህን ገደል ባሕርይ ነው።

ዝርያ መምረጥ

ለደጋ የሚመች ዝርያ ሲመረጥ መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ በትውልድ ቦታው ብርዱ ከዝናቡ ጋር ይገጥማል ወይስ ይለያያል የሚለው ነው። በዚህ መለኪያ ቀዳሚዎቹ የአገር ውስጥ ዝርያዎች ናቸው። በሸዋና በወሎ ደጋዎች የሚገኘው አሎ ደብራና፣ ከላይ የተጠቀሰው የአንኮበር እሬት፣ አኦኒየም ሉኮብሌፋረም እንዲሁም በደጋ ቋጥኞች ላይ የሚበቅሉ የሴደም ዝርያዎች ክረምቱን በእርጥበት፣ በጋውን በደረቅ ብርድ ማሳለፍ የለመዱ ናቸው።

ከውጭ ከሚመጡት መካከል የተሻለ ተስፋ የሚሰጡት ከሌሶቶና ከድራከንስበርግ ተራሮች የተገኙት ናቸው። በዚያም ዝናቡ በሞቃቱ ወቅት ይወርዳል፤ ቀዝቃዛው ወቅት ደረቅ ነው። አንዳንድ የዴሎስፐርማ ዝርያዎች የሚመጡት ከዚህ ነው። የሌሶቶው ጠምዛዛ እሬት አሎ ፖሊፊላም የዚሁ አካባቢ ተወላጅ ነው፤ ይሁን እንጂ ከዱር የተነቀለው ተክል ዓለም አቀፍ ንግድ በሳይቲስ ስምምነት አባሪ አንድ የተከለከለ በመሆኑ ምንጩ ያልታወቀ ችግኝ መግዛት አይገባም። ዝናባቸው ከብርዱ ጋር ከሚመጣ አገሮች የተገኙ ዝርያዎች ደግሞ ከክረምቱ ዝናብ የሚጋርዳቸው ጣሪያ ሳይዘጋጅ መተከል የለባቸውም።

አፈርና አተካከል

በደጋው ሜዳዎች የተለመደው ጥቁር መረሬ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፤ አየርም ያፍናል። አየር ያጣ ሥር ይታፈናል፤ በውኃ የሚዛመቱ የሥር አበስባሽ ተሕዋስያንም በቀላሉ ይገቡበታል። ስለዚህ ተክሉ በመረሬው ውስጥ ሳይሆን በላዩ ላይ በተሠራ መደብ ላይ ይተከላል። የመደቡ ከፍታ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ገጹም ተዳፋት ቢኖረው ይመረጣል። የመደቡ አፈር ከግማሽ በላይ ጠጠራማ መሆን አለበት። ለዚህም በተለምዶ ሬድ አሽ የሚባለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ተስማሚ ነው፤ ውስጡ ቀዳዳ ስላለው አየርም ጥቂት እርጥበትም ይይዛል።

በማሰሮ ወይም በሳጥን ለሚተከሉት አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም አለበት። ከሥር ጠጠር አንጥፎ ከላይ ደቃቅ አፈር መሙላት ውኃ አያስወጣም። ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር በቀላሉ ስለማይሻገር ከጠጠሩ በላይ ይቆማል፤ ወደ ሥሩም ይቀርባል። ጠጠሩ ከአፈሩ ጋር በሙሉ ሊደባለቅ ይገባል። በተክሉ አንገት ዙሪያ ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ጠጠር ማልበስ ቅጠሉ ከእርጥብ አፈር ጋር እንዳይነካካ ያደርጋል።

የዓመቱ ክብካቤ

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ለተከላ ይመቻል። ብርዱ ያልፋል፤ ሥሩም ከክረምቱ በፊት ይይዛል። ከእናት ተክል የተነጠለ ቀንበጥ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀናት በጥላ ሥር መቆየት አለበት። ውኃ የሚሰጠው አፈሩ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ብቻ ነው።

ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ውኃ አይጠጣም። በሳምንት አንድ ጊዜ የመደቡ መፋሰሻ ይታያል፤ የበሰበሰ የታች ቅጠል ይነቀላል። ጣሪያ የሚያስፈልጋቸው ዝርያዎች ብርሃን በሚያስገባና ጎኑ ክፍት በሆነ መከለያ ሥር ይቀመጣሉ፤ ጎኑ ከተዘጋ እርጥበቱ ይታመቅባቸዋል። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ከሐምሌ በኋላ አይጨመርም፤ ለስላሳና ውኃ የሞላው አዲስ ቅጠል አውጥቶ ለውርጭ ያጋልጣልና።

ወሳኙ ጊዜ በዝናቡ ማብቂያና በመጀመሪያው ውርጭ መካከል ያሉት ጥቂት ሳምንታት ናቸው። በመስከረም መጨረሻ የዘገየ ዝናብ ከመጣ መደቡን መጋረድ፣ አፈሩ ደርቆ ጥቅምት እንዲገባ ማድረግ ከሌላው እንክብካቤ ሁሉ ይበልጣል። ከዚያ እስከ ጥር ለተቋቋመ ተክል ውኃ አይሰጥም። ለአዳዲስ ችግኞች ጥርት ባለ ሌሊት በእንጨት ላይ የተዘረጋ ጨርቅ በቂ ነው። ስስ ፕላስቲክ የሙቀት ጨረርን ስለሚያሳልፍ ጥቅሙ አነስተኛ ነው፤ ቅጠሉን ከነካ ደግሞ ይጎዳል። ውርጭ ያደረበት ቅጠል የማለዳ ፀሐይ በቀጥታ ሲመታው ጉዳቱ ስለሚባባስ፣ ለጋ ተክሎችን በምሥራቅ በኩል ጥላ በሚያገኙበት ቦታ መትከል ይጠቅማል። የቅጠል መቅላት ግን ሁልጊዜ የጉዳት ምልክት አይደለም፤ ብዙዎቹ ብርሃንና ብርድ ሲበረታባቸው ቀይ ቀለም ያበጃሉ።

ማጠቃለያ

የጉዳዩ ክብደት ከግቢ ውበት ያልፋል። እንደ አንኮበር እሬት ያሉ ዝርያዎች የሚኖሩት በጠባብ አካባቢ ነው፤ ከገደሉ ተነቅሎ በመረሬ ላይ ተተክሎ በመጀመሪያው ክረምት የሚበሰብስ እያንዳንዱ ተክል ከዚያው ጥቂት ሀብት ላይ ይቀነሳል። ከዱር መንቀልን የሚያስቀረው ከዘር ማባዛት ነው። አብዛኞቹ የእሬት ዝርያዎች በራሳቸው ብናኝ ዘር ስለማያፈሩ፣ ዕፅዋትን ለሚጠብቁ ማዕከላት ከአንድ ተክል የተነጠሉ ብዙ ቀንበጦች አይበቁም፤ ከተለያዩ እናቶች የተገኙ ተክሎች ያስፈልጋሉ።

ለተመራማሪው የሚቀረው ሥራ የየዝርያውን የብርድ ወሰን ደረቅ ሆኖና እርጥብ ሆኖ ለየብቻ መለካት ነው። አልሚው ግን ያን ውጤት ሳይጠብቅ መጀመር ይችላል። ተክሉ ክረምቱን ሥሩ ሳይታፈን ካሳለፈና ጥቅምትን ደርቆ ከተቀበለ፣ ውርጩን የመቋቋሙ ሥራ በአብዛኛው የራሱ የተክሉ ነው።