ካርቶኑ ላይ በትልቁ ያልተጻፈው

ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ06፣ ሬድሚ 14ሲ ወይስ ቴክኖ ስፓርክ 30ሲ? በቤተሰብ በጀት ስልክ ለመግዛት ላሰባችሁ

ከሦስት ዓመት በፊት ዕቁብ ሲወጣልኝ ደሴ ለምትኖረው እናቴ ስማርት ስልክ ገዛሁላት። ለመምረጥ አሥር ደቂቃ እንኳን አልፈጀብኝም። ካርቶኑ ላይ የካሜራው ሜጋፒክስል በደማቅ ቁጥር ተጽፏል። ሻጩም «እናትሽ ፎቶ ይወዳሉ? እንግዲያው ሌላ አትፈልጊ» አለኝ። ራሙ 2 ጊጋ፣ ሚሞሪው 32 ጊጋ መሆኑ ከካርቶኑ ጀርባ በትንንሽ ፊደል ሰፍሮ ነበር። አላነበብኩትም።

ስልኩ አንድ ዓመት ያህል ደህና ሠራ። ከዚያ «ቦታ የለም» ማለት ጀመረ። ዱባይ ያለችው እህቴ በኢሞ ስትደውል ምስሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የባንኩ አፕሊኬሽን «አዲሱን ካልጫኑ አልሠራም» ይላል፤ አዲሱን ለመጫን ደግሞ ቦታ የለም። እኔም ከአዲስ አበባ ሆኜ «እማዬ፣ የማትፈልጊውን ፎቶና ቪዲዮ አጥፊ» አልኳት። የጎረቤት ልጅ ጠርታ አስጠፋች። አብሮ ከጠፋው ውስጥ አባቴ ከማረፉ በፊት በነበረው ፋሲካ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ሲስቅ የተቀረጸው ቪዲዮ ነበረበት። ሌላ ቅጂ የለንም።

እናቴ «ግድ የለም፣ እኔ ልቤ ውስጥ አለ» ብላ አለፈችው። እኔ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የሚቆጨኝም የገንዘቡ ነገር ብቻ አይደለም። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። የምንሸጠው ብስኩት ቢሆንም፣ ካርቶን ላይ የትኛው ቃል በትልቁ፣ የትኛው በትንሹ ይጻፍ የሚለውን በየወሩ ተሰብስበን የምንወስነው እኛ ነን። በትልቁ የሚጻፈው ዓይን የሚስበው ነው። ሰውየው ቤቱ ገብቶ አብሮት የሚኖረው ግን ብዙ ጊዜ በትንሹ የተጻፈው ነው። ይህን እያወቅኩ ተሸወድኩ።

ዘንድሮ ለእናቴ ሌላ ስልክ መግዛት ግድ ሲሆን ግን ጊዜ ወስጄ አነበብኩ፤ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ፤ ጠየቅኩ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የስልክ ዋጋ እንደ ድሮው አይደለምና፣ ተሳስቶ እንደገና መግዛት ለብዙዎቻችን የሚቻል ነገር አይደለም። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ሦስቱ ተፎካካሪዎች

ያወዳደርኳቸው እ.ኤ.አ. በ2024 ሁለተኛ አጋማሽ የወጡ ሦስት አነስተኛ ዋጋ ያላቸው ስልኮችን ነው፤ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ06፣ የሻኦሚው ሬድሚ 14ሲ እና ቴክኖ ስፓርክ 30ሲ። ዋጋቸውን እዚህ አልጽፍም፤ መጽሔቱ እጃችሁ እስኪገባ ይለወጣል። እኔ በዞርኩባቸው ሱቆች አንዱ ስልክ ከሱቅ ሱቅ የነበረው የዋጋ ልዩነት፣ በሦስቱ ስልኮች መካከል ካለው ልዩነት የሚበልጥበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ሱቅ ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

በመጀመሪያ የሚመሳሰሉበትን እንይ። ሦስቱም ካርቶናቸው ላይ «50 ሜጋፒክስል» ይላሉ። ሦስቱም የፊት ገጻቸው ሰፊ ቢሆንም ጥራቱ በኤችዲ ደረጃ ያለ ነው፤ ማለትም ውድ ስልኮች ላይ የለመዳችሁት ዓይነት ጥርት ያለ አይደለም። ሦስቱም የ4ጂ ስልኮች ናቸው። ሦስቱም ተጨማሪ ሚሞሪ ካርድ ይቀበላሉ። የስልኩ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰርም ከአንድ ኩባንያ፣ ከሚዲያቴክ ነው። ኤ06 ሄሊዮ ጂ85፣ ሬድሚ ሄሊዮ ጂ81 አልትራ፣ ስፓርክ ደግሞ ሄሊዮ ጂ81 የተባለውን ይጠቀማሉ። ስማቸው ይለያይ እንጂ አቅማቸው የወንድማማች ያህል ነው። ስለዚህ «ይሄኛው ከዚያኛው በእጥፍ ይፈጥናል» የሚላችሁ ሻጭ ካለ በፈገግታ እለፉት።

ስለ ካሜራውም አንድ ነገር ልንገራችሁ። እነዚህ ስልኮች በተለመደው አሠራራቸው አራት አራቱን ነጥብ አንድ እያደረጉ 12.5 ሜጋፒክስል ገደማ የሆነ ፎቶ ነው የሚሰጧችሁ። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ፎቶው በደብዛዛ ብርሃን እንዲሻል ስለሚረዳ ነው። ነገር ግን «50» የሚለው ቁጥር ብቻውን ስለ ፎቶው ጥራት ብዙ አይነግራችሁም። ሱቅ ውስጥ ቀን በፀሐይ ሳይሆን ጥላ ሥር፣ የሚንቀሳቀስ ሰው አንሱና እዩት። በሠርግ አዳራሽና በማታ ልደት ላይ የሚያጋጥማችሁ ይሄ ነውና።

የሚለያዩት የት ላይ ነው?

ሬድሚ 14ሲ ትልቁ ነው። ገጹ 6.88 ኢንች ሲሆን በሴኮንድ እስከ 120 ጊዜ ይታደሳል፤ ጣታችሁን ወደ ላይና ወደ ታች ስታንሸራትቱ ልስልስ ብሎ ይሄዳል። ባትሪው 5160 ሚሊአምፒር ሲሆን፣ የፊት ካሜራው 13 ሜጋፒክስል ነው። መዘዙ ክብደቱ ነው። ከ200 ግራም በላይ ስለሚመዝን፣ አልጋ ላይ ጋደም ብሎ አንድ እጅ ይዞ ማንበብ ለለመደ ሰው ይከብዳል።

ቴክኖ ስፓርክ 30ሲም በሴኮንድ እስከ 120 ጊዜ የሚታደስ 6.67 ኢንች ገጽ አለው። ከሁለቱ ለየት የሚያደርገው ግን ሌላ ነው። አይፒ54 የተባለ ደረጃ ስላለው አቧራንና የውኃ ፍንጣቂን ይቋቋማል፤ ባልዲ ውስጥ ወድቆ ይተርፋል ማለት ግን አይደለም። ሁለት ድምፅ ማጉያ አለው፤ በኢንፍራሬድም ቴሌቪዥን እንደ ሪሞት ይቆጣጠራል። ሪሞት በየሶፋው ሥር ለሚጠፋበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዚህ ላይ ቴክኖ እዚሁ አገራችን ውስጥ ስልክ የሚገጣጥም ኩባንያ በመሆኑ ጥገናውን የሚያውቅ ባለሙያና መለዋወጫ በቀላሉ ይገኛል።

ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ06 ወረቀት ላይ ሲታይ የተሸነፈ ይመስላል። 6.7 ኢንች የሆነው ገጹ የሚታደሰው በሴኮንድ 60 ጊዜ ብቻ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ቻርጀር የለም፤ ኬብሉን ብቻ ታገኛላችሁ። የቻርጀሩን ዋጋ ስልኩ ላይ ደምራችሁ ካላሰባችሁ ሒሳቡ ይዛባል። በሌላ በኩል እስከ 25 ዋት በሆነ ቻርጀር መሙላት ይችላል፤ ሁለቱ ተፎካካሪዎቹ 18 ዋት ላይ ይቆማሉ። መብራት መጥቶ እንደገና እስኪሄድ ያለችውን አንድ ሰዓት መጠቀም ለሚፈልግ ሰው ይህ ልዩነት ይታያል።

የኤ06 ትልቁ ጥቅም ግን በካርቶኑ ፊት ላይ የሚያበራ ቁጥር የለውም። ሳምሰንግ ለዚህ ስልክ ሁለት ጊዜ አዲስ የአንድሮይድ ትውልድ፣ ለአራት ዓመት ደግሞ የደኅንነት አፕዴት እንደሚሰጥ በግልጽ ቃል ገብቷል። በዚህ የዋጋ ደረጃ ሁሉም አምራች የማያደርገው ነገር ነው። ድሮ ይህን ብሰማ «ታዲያ ምን ይጠበስ?» ነበር የምለው። ዛሬ ግን ቴሌብር፣ የባንክ አፕሊኬሽን፣ ኤምፔሳ ሁሉም ስልካችን ላይ ነው። አፕዴት የማያገኝ ስልክ ቁልፉ እንደላላ በር ነው። ከዓመታት በኋላም አፕሊኬሽኖቹ «አንድሮይድዎ አርጅቷል» ብለው አንድ በአንድ ይሰናበቱታል። ስልኩ ሳይሰበር ሞተ ማለት ነው።

«8 ጊጋ ራም» ሲባል

አሁን ደግሞ እኔን ወደጣለኝ ጉድጓድ እንምጣ። በርካታ ካርቶኖች ላይ «8 ጊጋ ራም» ተብሎ ይጻፍና፣ በጥቃቅኑ ደግሞ «4 ሲደመር 4» ይላል። እውነተኛው ራም የመጀመሪያው 4 ብቻ ነው። ሁለተኛው 4 ከሚሞሪው ላይ ተበድሮ እንደ ራም የሚሠራ ነው፤ ፍጥነቱ ከእውነተኛው ጋር አይወዳደርም። ልክ ሳሎን ጠቦ ጓዳ ውስጥ ወንበር እንደመዘርጋት ነው። እንግዳው ይቀመጣል፤ ጨዋታው ግን አይሰማውም።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ራሙ በእውነተኛው ቁጥር ከ4 ጊጋ እንዳያንስ። ሚሞሪው ደግሞ ከቻላችሁ 128 ይሁን። ኤ06 በ64 ጊጋም ይሸጣል፤ ዋጋው ቀነስ ስለሚል ያጓጓል። ነገር ግን ሲስተሙ ራሱ ከዚያ ላይ ጠቀም ያለ ድርሻ ይወስዳል። ቀሪውን የቴሌግራም ቪዲዮ፣ የዕድር ግሩፕ ፎቶና የበዓል መልካም ምኞት በጥቂት ወራት ይሞሉታል። ሚሞሪ ካርድ ፎቶ ለማስቀመጥ ይጠቅማል እንጂ አፕሊኬሽኖች በአብዛኛው የሚቀመጡት ስልኩ ላይ ስለሆነ የውስጡን ሚሞሪ አይተካም።

ለማን የትኛው?

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ሲሰማ «በቃ፣ አሸናፊው የቱ ነው?» አለኝ። አሸናፊው ስልክ ሳይሆን የተጠቃሚው ኑሮ ነው።

ቤታችሁ ውስጥ በስልክ ፒዲኤፍ የሚያነብ፣ የትምህርት ቪዲዮ የሚከታተል ተማሪ ካለ ሬድሚ 14ሲ በሰፊ ገጹ ይክሳችኋል። ዓይናቸው ለደከመ፣ ፊደሉን አጉልተው ለሚያነቡ ወላጆችም እንዲሁ፤ ክብደቱን ከቻሉት።

ስልኩ ወጥ ቤት፣ ሱቅ ወይም የሥራ ቦታ አቧራ ላይ የሚውል፣ ልጆችም የሚቀባበሉት ከሆነ ቴክኖ ስፓርክ 30ሲ ይሻላል። ጥገናው በቅርብ መገኘቱም ከከተማ ራቅ ብሎ ለሚኖር ዘመድ ትልቅ ነገር ነው።

ገንዘብ የሚንቀሳቀስበትና ለአራት ዓመት ያህል ሳይለወጥ እንዲቆይ የምትፈልጉት ስልክ ከሆነ ጋላክሲ ኤ06፣ ባለ 128 ጊጋው። ቻርጀሩን ግን አትርሱ።

ስልኩን በዋናነት ለጨዋታ የሚፈልግ ጎረምሳ ካላችሁ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሦስቱም አንዱ አያረካውም። ጥቂት ወር ታግሳችሁ ከፍ ያለ ደረጃ መግዛት፣ ወይም ደህና የተያዘ ያገለገለ ስልክ ከምታውቁት ሰው መውሰድ ይሻላል።

ሱቅ ውስጥ አምስት ደቂቃ

የትኛውንም ብትመርጡ ገንዘቡን ከመቁጠራችሁ በፊት እነዚህን አድርጉ። ካርቶኑ ፊታችሁ ይከፈት። *#06# ደውሉና የሚወጣው ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ የሚገልጸውን ገጽ ከፍታችሁ እውነተኛውን ራምና ሚሞሪ እዩ። የእናንተን ሲም ካርድ አስገብታችሁ ደውሉ፤ ድምፁን ስሙ። የጣት አሻራችሁን መዝግቡና አምስት ጊዜ ሞክሩት። ዋስትናው ስንት ወር እንደሆነና ማን እንደሚሰጠው ደረሰኙ ላይ አጽፉ። በቃል የተሰጠ ዋስትና በር ላይ ይቀራል።

ስልኩ ቤት በገባ ቀን ደግሞ አንድ ሥራ አለባችሁ፤ እኔ ያልሠራሁት። ፎቶና ቪዲዮው ሌላ ቦታ ቅጂ እንዲኖረው አድርጉ። ጉግል ለእያንዳንዱ አካውንት በነፃ 15 ጊጋባይት ይሰጣል። ዋይፋይ ባለበት ብቻ እንዲልክ ካስተካከላችሁት የዳታ ፓኬጃችሁን አይበላም። የማትተኩትን ደግሞ ፍላሽ ላይ ገልብጡና ከቤት ካርታና ከልደት ምስክር ወረቀት ጋር አስቀምጡ። ስልክ ይገዛል፤ ውስጡ ያለው አይገዛም።

እኔ ለእናቴ የገዛሁላት ኤ06ን ነው። የጡረታ ገንዘቧም፣ እህቴ የምትልክላትም ስልኳ ላይ ስለሚያልፍ የአራት ዓመቱ አፕዴት በለጠብኝ። ገጹ ሲንሸራተት እንደ ሬድሚ ልስልስ አይልም፤ እሷ ግን ከመጀመሪያው ልዩነቱን አታውቀውም። ቻርጀሩን ለብቻው ስገዛ ትንሽ ተነጫነጭኩ። ቅጂው በየሳምንቱ እህቴ ልጅ ቤት፣ ዋይፋይ ባለበት፣ ይላካል።

ባለፈው ሳምንት ደውዬ «እማዬ፣ ስልኩ ቦታ አለው ወይ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ቦታማ ሞልቷል፤ የሚነሳ ሰው ጠፋ እንጂ። መቼ ነው የምትመጡት?» አለችኝ።