«አምኛለሁ» ካሉ በኋላ ይግባኝ አለ?

ምኒልክ አደባባይ አካባቢ ጠበቃ ሆኖ ይህን ጥያቄ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። «ልጄ ሽጉጡ የእኔ ነው ብሎ አምኗል፤ በቃ፣ አለቀ ማለት ነው?»

አላለቀም። ግን ግማሹ በር ተዘግቷል። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 185 መሠረት፣ በእምነት ቃሉ ጥፋተኛ የተባለ ሰው በጥፋተኝነቱ ላይ ይግባኝ ማለት አይችልም፤ በቅጣቱ ላይ ግን ይችላል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። «መሣሪያው ተገኝቶብኛል፤ ግን ፈቃድ አለኝ» ማለት ማመን አይደለም። ክህደት ሆኖ ይመዘገባል፣ ዐቃቤ ሕግም ማስረጃውን ያሰማል። «የአባቴ ውርስ ነው» የሚለው ግን ብቻውን አያድንም። የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚጠይቀው ፈቃድ ነው።

በቅጣቱ ላይ ምን እንከራከር? «በዛ» ብሎ ማልቀስ አይበቃም። ጥፋትን አምኖ መጸጸት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 የቅጣት ማቅለያ ነው። ፍርዱን አንብቡ፦ ማቅለያው ተይዟል? የቅጣት እርከኑስ በትክክል ተሰልቷል? ቅጣቱ እንዲገደብ ያቀረባችሁት ጥያቄ ምላሽ አግኝቷል?

የይግባኝ ማስታወቂያ በ15 ቀን፣ የይግባኙ ማመልከቻ ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ ይቀርባል። የፈረደው የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከሆነ ይግባኙ የሚታየው በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው።

ግልባጩን ለመጠየቅ ነገ አትበሉ፤ ዛሬውኑ መዝገብ ቤት ሂዱ።