ጤና አዳምና የወር አበባ ሕመም

በአገራችን የጤና አዳም ቅጠል ከቡና ጋር ይቀርባል፤ ፍሬው በርበሬ ውስጥ ይገባል፤ ተቀቅሎም ለሆድ ቁርጠት ይጠጣል። በወር አበባቸው ወቅት ሕመም የሚጸናባቸው ወጣት ሴቶችም ከእናቶቻቸው ተምረው ይጠጡታል። ለመሆኑ ስለዚህ ልማድ ሳይንስ ምን ይላል?

በቅድሚያ የሕመሙን መነሻ እንመልከት። እርግዝና ሳይኖር ሲቀር የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ይፈርሳል። በዚህ ጊዜ ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ውህዶች ይመነጩና የማህፀንን ጡንቻ እያኮማተሩ ሽፋኑን ያስወግዳሉ። መጠናቸው ሲበዛ መኮማተሩ ይበረታል፤ ወደ ጡንቻው የሚደርሰው ደም ይቀንሳል፤ ሕመምም ይከተላል። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 አስፕሪን የፕሮስታግላንዲንን መመረት እንደሚገታ አሳዩ፤ በ1982ም ከሁለት ስዊድናውያን ተመራማሪዎች ጋር የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ። አይቡፕሮፌንም የወር አበባን ሕመም የሚያስታግሠው በዚሁ መንገድ ነው።

በሳይንሳዊ ስሙ ሩታ ካሌፔንሲስ የሚባለው ጤና አዳም በርካታ አልካሎይዶችን፣ ፉራኖኩማሪኖችንና ተናኝ ዘይቶችን ይዟል። የቅጠሉ ጭማቂ በአይጦች ላይ ሲሞከር ብግነትን የመቀነስ ባሕርይ አሳይቷል። ስለዚህ የእናቶቻችን ልምድ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ በአይጥ የታየው ውጤት ለሴቶች ሕመም ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ ጉዳት የማያስከትለው መጠንም ተለክቶ አልተወሰነም።

የተክሉ ሌላ ገጽታ ግን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ግሪካዊው ሐኪም ዲዮስቆሪዶስ የዚህ ተክል ዘመዶች የቀረ የወር አበባን እንደሚያመጡ ጽፏል። የወር አበባ የሚቀርበት አንዱ ምክንያት ደግሞ እርግዝና ነው። በላቲን አሜሪካ የዚሁ ወገን ተክሎች ፅንስ ለማስወረድ ተቀቅለው ይጠጣሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ከኡራጓይ የወጣ የሕክምና ጽሑፍም በዚህ ሳቢያ የደረሰ መመረዝንና የብዙ አካላት ሥራ ማቆምን ዘግቧል።

እንግዲህ ዋናው ቁም ነገር መጠኑ ነው። ስኒ ላይ ጣል የሚደረግ አንድ ቅጠልና እፍኝ ሙሉ ተቀቅሎ የሚጠጣ ውሃ አንድ አይደሉም። ነፍሰ ጡር ሴት፣ ወይም የወር አበባዋ የዘገየባት፣ ጤና አዳምን ቀቅላ ልትጠጣ አይገባም። የዘገየባት አስቀድማ ትመርመር። ከትምህርት ገበታ የሚያስቀር ሕመም ያለባትም በዝምታ አትቻለው፤ ከጀርባው ሊታከም የሚችል በሽታ ሊኖር ስለሚችል ወደ ጤና ተቋም እንድትሄድ እንመክራለን።