ተጨማሪ መረጃ፦ ታሚፍሉ ከሽንት እስከ ወንዝ
የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒቱ ታሚፍሉ የሚሠራው ጉበት ወደ ኦሴልታሚቪር ካርቦክሲሌት ሲለውጠው ነው። ይህ ንጥረ ነገር ኃይሉን እንደያዘ በሽንት ይወጣል። በፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ውስጥ ቆሻሻን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎችም እምብዛም አይደፍሩትም (የሄርፒስ መድኃኒት የሆነውን አሲክሎቪርን ግን ይለውጡታል)። በውሃ በቀላሉ ስለሚሟሟ ከዝቃጩ ጋር አይወርድም፤ ከተጣራው ውሃ ጋር ወንዝ ይገባል። ታሚፍሉ በብዛት በሚታዘዝባት ጃፓን፣ በኢንፍሉዌንዛ ወቅት፣ በኪዮቶ አካባቢ ከጣቢያዎች በወጣ ውሃና በወንዞች ውስጥ ተገኝቷል። በኦዞን የታከመው ውሃ ግን አብዛኛው መድኃኒት ተወግዶለታል።

ጉዳዩ ከወፎች ጋር ይያያዛል፤ የኢንፍሉዌንዛ ኤ ቫይረስ ተፈጥሯዊ መኖሪያ የውሃ ወፎች ናቸውና። የስዊድን ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ መድኃኒቱ በጥቂቱ ባለበት ውሃ የቆዩ የተለከፉ ዳክዬዎች ውስጥ ቫይረሱ መድኃኒቱን መቋቋም ጀምሯል።