እናት ያሸተተችው ጠረን

በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ኦስሎ ውስጥ ቦርግኒ ኤገላንድ ያላንኳኳችው የሐኪም ደጅ አልነበረም። ልጇ ሊቭ ስድስት ዓመት አልፏትም የምትናገረው ጥቂት ቃላት ብቻ ነበር። አራተኛ ዓመቱን ሊይዝ የተቃረበው ዳግ ደግሞ አይሄድም፣ አይናገርም፣ ራሱን ችሎ አይጎርስም። ሁለቱም ሲወለዱ ምንም እንከን አልታየባቸውም። ቦርግኒ አንድ ነገር ደጋግማ ትናገር ነበር፤ የልጆቹ ሽንት የሻገተ ነገር ይሸታል። ጉዳዬ ያላት ግን አልነበረም።

በ1934 እ.ኤ.አ. አባትየው ሐኪምም የኬሚስትሪ ባለሙያም ለሆኑት ለአስብዮርን ፎሊንግ ነገራቸው። ፎሊንግ ለስኳር ሕመምተኞች ያኔ ይደረግ እንደነበረው የልጅቱ ሽንት ላይ ፌሪክ ክሎራይድ ጠብ አደረጉበት። ቡናማ ወይም ወይን ጠጅ ቀለም ሲጠብቁ ጥቁር አረንጓዴ ሆነ። የልጁም ያው። መድኃኒት ይሆን ብለው ልጆቹ የሚወስዱትን ሁሉ አስቆሙ፤ አረንጓዴው አልጠፋም። እናትየው ከ20 ሊትር ያላነሰ ሽንት እያጠራቀመች ስታመላልስ እሳቸው ሲያጣሩ፣ በመጨረሻ ፌኒልፓይሩቪክ አሲድ የሚባለውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ከዚያም በተለያዩ ተቋማት የሚኖሩ 430 የአእምሮ እድገት ችግር ያለባቸውን ሰዎች መርምረው በ8ቱ ላይ ይህንኑ አገኙ።

ሕመሙ ዛሬ ፌኒልኬቶኑሪያ ይባላል። ከእናትም ከአባትም ጉድለት ያለበትን ዘረ መል የወረሰ ልጅ፣ ፕሮቲን ውስጥ ያለውን ፌኒላላኒን ጉበቱ ሊለውጠው አይችልም። ወላጆቹ ራሳቸው ምንም ምልክት ስለማይታይባቸው አስቀድመው አያውቁትም። ከጡት ወተት ጀምሮ በየምግቡ የሚገባው ፌኒላላኒን እየተጠራቀመ አንጎልን ይጎዳል።

ሕክምናውንም የወለደው የሌላ እናት ሙግት ነው። በእንግሊዝ በርሚንግሃም፣ የልጇ ሕመም መድኃኒት የለውም የተባለች እናት በየማለዳው ቤተ ሙከራው ደጅ እየቆመች ሐኪሙን ሆርስት ቢክልን አላስቀምጥ አለቻቸው። ቢክልና ባልደረቦቻቸው ፌኒላላኒኑ የተቀነሰለት ምግብ አዘጋጁ። ጭንቅላቷን ታጋጭ የነበረችው ሕፃን ተረጋግታ መዳህ ጀመረች። ሐኪሞቹ ማረጋገጫ ፈልገው፣ እናትየው ሳታውቅ ፌኒላላኒን መልሰው ጨመሩበት። ልጅቱ በአንድ ቀን ውስጥ ወደ ኋላ ስትመለስ ቀድማ ያየችው እናቷ ናት። ማስረጃው ጠቃሚ ነበር፤ ከእናት መደበቁን ግን አሁንም ልቀበለው አልችልም።

ምግቡ የሚያድነው አንጎል ሳይጎዳ ሲጀመር ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ገትሪ ይህን በቤተሰባቸው አይተውታል፤ የባለቤታቸው እህት ልጅ ሕመሟ የታወቀላት ከዘገየ በኋላ ነበር። ከአራስ ተረከዝ የተወሰደ ደም ወረቀት ላይ ጠብ አድርጎ በባክቴሪያ የሚለይ ርካሽ ምርመራ ሠሩ። የማሳቹሴትስ ግዛት በ1963 እ.ኤ.አ. በሕግ ደነገገችው።

አሜሪካ፣ እስራኤል ወይም አውሮፓ የምትወልዱ ወገኖቼ፣ ነርሷ ለዚህ ምርመራ የልጃችሁን ተረከዝ ልትወጋ ስትመጣ አትከልክሏት። ውጤቱንም ጠይቁ፤ ምርመራው ይደገም ከተባላችሁ በዚያው ሳምንት ሂዱ።